ጂፕሰም የበላው መስኮት

በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርቶ የሚቀመጥ ሰው ሳይ ያቅለሸልሸኛል። የምሬን ነው። ዝንብ የገባበት ሻይ ብትሰጠኝ ዝንቧን በጣቴ አውጥቼ እጠጣዋለሁ፣ ምንም አይመስለኝም። በእኩለ ቀን መጋረጃውን ግጥም አርጎ ዘግቶ፣ ኮርኒሱ ላይ አምፖል እንደ ፈንዲሻ በትኖ «ቤቴ እንዴት ነው?» የሚለኝን ሰው ግን አልችለውም። ቤትህ መቃብር ነው፣ ያውም የመብራት ቆጣሪ የገባለት መቃብር።

ከሩቅ ሆኜ የምሳደብ እንዳይመስልህ ደግሞ። ስራዬ ጂፕሰም ነው። ኮርኒስ እሰራለሁ፣ ክፍል እከፍላለሁ፣ የተንጋደደ ግድግዳ ቀጥ አደርጋለሁ። ትምህርት ላይ ብዙ አልገፋሁም፤ ስድስተኛ ክፍል ላይ ተጣልተን ተለያየን፣ እሱም አልጠራኝም እኔም አልለመንኩትም። እጄ ግን ሌላ ነው። ካዛንቺስ ውስጥ ቆንጆ ኮርኒስ አይተህ «ይሄን ማን ሰራው?» ብለህ ከጠየቅክ ወይ እኔ ነኝ፣ ወይ ከኔ የኮረጀ ነው። እኔ የሰራሁት ላይ መጋጠሚያ አይታይም። ዓይንህን ለጥፈህ ብትፈልግ ዓይንህ ነው የሚደክመው። በዚህ እጄ ስንት መስኮት እንደሸፈንኩ ግን እኔ ነኝ የማውቀው። ባለቤቶቹ እየከፈሉ «ዝጋልን» ይሉኛል፣ እዘጋለሁ። ምሳዬን በልቼ እዘጋለሁ በቃ።

አንዴ አንድ ሰውዬ ከፍ ያለ ፎቅ ላይ አፓርታማ ገዝቶ ጠራኝ። አንዱ ጎኑ ሙሉ መስታወት ነው። ብትቆም ቂርቆስ እግርህ ስር ተዘርግቶ ነው የምታየው። እሱ ሆዬ መጀመሪያ መስታወቱ ላይ ጥቁር ስቲከር አስለጠፈ። ከዛ ስስ መጋረጃ ሰቀለ። በሱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ደረበ። በወፍራሙ ላይ ደግሞ ዘርፍ ያለው፣ የፈረስ ኮርቻ የሚመስል ነገር ጣል አረገ። ይሄን ሁሉ ጨርሶ ሲያበቃ እኔን ጠርቶ «ቤቱ ጨለማ ሆነብኝ፣ ኮርኒሱ ላይ መብራት ግጠምልኝ» አለ።

«ጋሼ፣ መስኮቱ ምን አረገዎት?» አልኩት።

«ፀሐይ ሶፋ ይበላል።»

«ሶፋው ላይ እኮ ላስቲክ አለ።»

«ላስቲኩንም ይበላል።»

በቃ ምን ትለዋለህ። ገጠምኩለት። ቁጭ ብሎ በላስቲኩ ላይ እየተንሸራተተ ኮርኒሱን ሲያደንቅ ጥዬው ወጣሁ።

ሰዋችን ከመስኮት ጋር ጠብ አለው። ታክሲ ውስጥ እንኳን አይተኸው የለ? ሰው በሰው ላይ ተነባብሮ፣ ብብቱ ሁሉ አፍንጫህ ስር ሆኖ፣ አንዱ ጣት የምታህል ክፍተት መስኮት ሲከፍት ከኋላ «ኧረ ዝጋው፣ ብርድ ነው» የምትል ሴት አትጠፋም። ላቧ በግንባሯ እየወረደ። ብርዱ የት እንዳለ እግዜር ይወቀው። እኔ እንደዚህ ያለውን እያየሁ በሳቅ ነበር የማልፈው። ጥላቻ የሆነብኝ በእህቴ ምክንያት ነው።

እህቴ ታላቄ ናት፣ እታለም ነው የምላት። ፀጉርና ሜካፕ ትሰራለች። ድሮ ቤታችን ካዛንቺስ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ የነበረ የጭቃ ቤት ነው። መስኮቱ ድመት ብትወጣበት እርጉዝ ከሆነች ትቀረቀራለች። ስለዚህ እታለም ሰው የምትሰራው በሩ ላይ ነበር። ዱካውን ደፉ ላይ አስቀምጣ፣ የምትሰራትን ልጅ ፊቷን ወደ ግቢው አዙራ፣ እሷ ቆማ። የሰፈሩ ሙሽራ ሁሉ እዛ ደፍ ላይ ተቀምጦ ነው የተዳረው። ውሃ ልቀዳ ስወጣ ሙሽራ ዘልዬ ነበር የምወጣው ነው የምልህ። እና አንዷም ፊቷ ሌላ አንገቷ ሌላ ሆኖ አይታ አታውቅም፤ የሰራቻት በቀን ብርሃን ነዋ። ውጪ የሚያያት ሰውም የሚያያት በዛው ብርሃን ነው። ይሄ ሂሳብ ስድስተኛ ክፍል እንኳን አይጠይቅም።

ከዛ ሰፈሩ ፈረሰና ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገባን፣ አራተኛ ፎቅ። እታለም በሰው ሳሎን ተቀጠረች። በሰው ወንበር መስራት ምን እንደሆነ እሷን ጠይቃት። የሷ እጅ ሲያሳምር ሙገሳው ለባለሳሎኗ ነው፤ ሲያበላሽ ግን የሷ ስም ነው የሚጠራው። መሃል ላይ «ሂጂ ሻይ ግዢልኝ» አለ። እንደዛ ሆና ስንት ዓመት አጠራቅማ፣ የአንገቷን ወርቅ ሳይቀር ሸጣ፣ እዛው ካዛንቺስ አዲስ ህንጻ ላይ የራሷን ክፍል ተከራየች። ያን ቀን ቁልፉን ይዛ «ይሄ ካልሆነልኝ ተመልሼ የሰው ወንበር ነው የሚጠብቀኝ። ሁለተኛ ደግሞ መነሻ የለኝም» አለችኝ። «እኔ እያለሁ?» አልኳት። «አንተማ አለህ፣ ችግሩም እሱ ነው» አለች።

ህንጻው ከውጪ ሲያዩት መስታወት ብቻ ነው። መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ፀጉሩን ያበጥርበታል፣ ጥርሱ መሃል የገባ ጎመን ያወጣበታል። ውስጥ ስትገባ ዋሻ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለውን የእታለምን ክፍል ስናይ በሁሉም በኩል ግድግዳ። ኮርኒሱ ጥቁር፣ ዙሪያውን ወይን ጠጅ የሆነ የኤልኢዲ ገመድ ተዘርግቶበታል። ጭፈራ ቤት ነው የሚመስለው። «ከውጪ ያየነው መስታወት የት ሄደ?» ብዬ የመንገዱን በኩል ግድግዳ በጣቴ አንኳኳሁት። ባዶ ነው የሚጮኸው። ጂፕሰም ነው። መስኮቱን ከነሕይወቱ ቀብረውታል። አሰራሩ ራሱ ያሳፍራል፤ መጋጠሚያው እንደ አለንጋ ሰንበር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያን የሰራውን ልጅ አውቀዋለሁ። ሰላም ብሎኝ ያውቃል፣ ከዛ ወዲህ ግን አልመልስለትም።

የህንጻው ባለቤት ሸምገል ያሉ ሰውዬ ናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። የሆነ ሀገር ሄደው መስኮት የሌለው የገበያ ማዕከል አይተው ነው አሉ የመጡት። ሁሉም ክፍል አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ወይን ጠጅ። ግድግዳ መንካት ክልክል። ዲዛይኑ ነው ይላሉ። እኔም ዲዛይነሩን ሳላየው ጠላሁት። አንድ ቀን ላፕቶፑን ታቅፎ ኮሪደር ላይ ሳገኘው ልሰድበው ተዘጋጅቼ ነበር።

«ይሄን ዋሻ የሳልከው አንተ ነህ?» አልኩት።

ልጁ ላፕቶፑን ከፈተና አንድ ስዕል አሳየኝ። ያው ክፍል ነው፤ ግን መስኮቱ ተከፍቶ፣ ወንበሮቹ ወደ ብርሃኑ ተደርድረው፣ ግድግዳው ነጭ፣ ኮርኒሱ ነጭ። ሳየው ምራቄን ነው የዋጥኩት።

«መጀመሪያ ያቀረብኩት ይሄን ነበር» አለኝ። «ጋሼ አዩትና ‹መብራቱ የታለ? ይሄ እኮ የድሃ ቤት ነው› አሉኝ።»

አልሰደብኩትም። ሁለታችንም እዛ ጨለማ ኮሪደር ላይ ቆመን ትንሽ ተፋፈርን።

እታለም ግን ስራ ጀመረች፣ ምን ታድርግ። የመጀመሪያዋ ጉድ የመጣችው ለምርቃት የምትሄድ ልጅ ሆና ነው። በዛ ወይን ጠጅ መብራት ስር እታለም ተጠበበችባት። መስታወት ውስጥ ስትታይ ንግስት ናት። ራሷን እየዞረች አይታ፣ አመስግና፣ ወረደች። ብዙ ሳትቆይ ተመልሳ መጣች። ስልኳን እታለም አፍንጫ ስር ደቀነችው። በር ላይ ፀሐይ ውስጥ የተነሳችው ፎቶ ነው።

«ይሄ ፊት የማነው?» አለች።

አየሁት። ማለቴ ሳቅ እንዳይመጣብኝ ከንፈሬን ነው የነከስኩት። አንገቷ የራሷ ነው፤ ፊቷ ግን በርበሬ የተነፋበት ወንፊት መስሏል። ጉንጯ ላይ ያለው ቀይ ደግሞ በጥፊ የተመታች ነው የሚያስመስላት።

«እዚህ እኮ እንደዚህ አልነበረም» አለች እታለም።

«እዚህ ማን ሊያየኝ ነው? እዚህ ልመረቅ ነው?»

ሶፍት መዘዘችና እዛው ቆማ ፊቷን ፈገፈገችው። ሶፍቱ ብርቱካንማ ሆነ። እየመዘዘች፣ እየፈገፈገች፣ መሬት ላይ እየጣለች ወጣች። ያን ጭቅይት ያለ ሶፍት ለቅሜ የጣልኩት እኔ ነኝ። ቅባቱ ጣቴ ላይ ቀረ፣ ደጋግሜ ታጠብኩት። እታለም ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ እጆቿን ነው የምታየው፣ እነሱ ያጠፉ ይመስል።

ወሬው ሄደ። ወንበሩ ባዶ መዋል ጀመረ። አንድ ቀን ምሳ ይዤላት ሄጄ እየበላን መብራት ጠፋ። እኩለ ቀን ነው። ውጪ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እኛ ውስጥ ጉርሻችንን በዳበሳ ነው የምንፈልገው። ኮሪደሩ ላይ ሰዉ ሁሉ የስልኩን መብራት አብርቶ እንደ ሌባ ይንቀሳቀሳል። ጋሼም ስልካቸውን ወደ ፊት ይዘው በበራችን ሲያልፉ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ውጪ መሽቷል እንዴ?» አልኳቸው።

«አንተ ደግሞ ማነህ?»

«ወንድሟ ነኝ። ይሄን ጂፕሰም ላንሳው፣ ከኋላው መስኮት አለ።»

«መስኮቱ ለውጪ ነው።»

«እንዴት ለውጪ?»

«ከውጪ ሲያዩት እንዲያምር የተገጠመ ነው። ለውስጥ መብራት አስገብቼላችኋለሁ።»

«መብራቱ ጠፍቷል እኮ፣ ጋሼ።»

«ይመጣል» ብለው አለፉ።

እታለም ጨለማው ውስጥ ሳቀች። ከዛ ሳቋ ሌላ ነገር ሆነ፤ ላየው አልቻልኩም፣ ጨለማ ነው። ሰምቼዋለሁ ግን።

በዛው ሰሞን አንዲት ሴትዮ መጡ። የመንግስት መስሪያ ቤት የሚሰሩ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው የሚለብሱ፣ ሲናገሩ የሚያዙ ዓይነት። የወንድማቸውን ልጅ ሊድሩ ነው። እታለምን የሚያውቋት ከድሮው ሰፈር፣ ከዛ ደፍ ላይ ነው። «ፈልጌ ፈልጌ ነው ያገኘሁሽ» አሏት። «ልጄን ላንቺ ነው የምሰጠው። ሚዜዎቿም አሉ። እሁድ ጠዋት።» እታለም እሺ አለች። ሲወጡ ፊቷ አመድ መሰለ፤ በዛ መብራት እንኳን ታየኝ።

«ይቺን ካበላሸሁ አለቀልኝ» አለችኝ። «የዛ ሁሉ ሰፈር ሰው ሰርጉ ላይ ነው። አንድ ላይ ነው የሚያዩት።»

«ቅዳሜ መስኮቱን እከፍተዋለሁ» አልኳት።

«ውሉ ላይ ግድግዳ አትንኩ ይላል።»

«ውሉን ያነበበው ማነው?»

«እኔ ነኛ።»

«እኔ አላነበብኩም። ስለዚህ እኔን አይመለከተኝም።»

ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ የሌሉበትን ሰዓት ጠብቄ ካቻቢቴዬን ይዤ ገባሁ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታሁ። ሳልሰብር፣ ሳላቦካ፣ ቦርዱን እንደ በር አንስቼ ወደ ጎን አስደገፍኩት። እንደኔ የሚፈታ የለም እንግዲህ። እና ሽታው መጣ።

ምን ልንገርህ። በጂፕሰሙና በመስታወቱ መሃል አንድ ክንድ የምታህል ቦታ አለች። ህንጻውን የሰሩት ሰዎች ጉዳቸውን ሁሉ እዛ ጥለው ነው የዘጉት። የሲሚንቶ ወረቀት፣ የጫት ገረባ፣ የተጋጠ አጥንት፣ ፀጉር ያበቀለ ዳቦ፣ አንድ እግር ጫማ። የደረቀች እርግብ፣ ክንፏን መስታወቱ ላይ እንደዘረጋች። ከሁሉም ከሁሉም ግን ፕላስቲኮቹ። ተደርድረዋል። ውሃ የነበረባቸው ናቸው፣ አሁን የያዙት ውሃ አይደለም። ቢጫ ነው። ሽንት ቤት መውረድ ሰልችቷቸው እዛው እየሞሉ፣ ክዳኑን ጠበቅ አርገው ደርድረውት፣ በላዩ ላይ ጂፕሰም መትተው፣ ቀለም ቀብተው፣ «ዲዛይን ነው» ብለው ሄዱ። እህቴ ያን ሁሉ ጊዜ ሰው የምታሳምረው ከሰው ሽንት አንድ ጣት ውፍረት ርቃ ነው። ያ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሽታ የፀጉር ቀለም ነው እያልን ሽቶ ስንነፋ ነበር የከረምነው።

የእታለምን የፀጉር ቀለም ጓንት አጥልቄ፣ አፍንጫዬን በፎጣ አስሬ በከረጢት አወጣሁት። ሁለቴ ሮጬ ወጥቼ ኮሪደር ላይ ተንፍሻለሁ፣ አልዋሽም። ጥበቃው ከረጢቱን ሲያይ «ምንድነው?» አለኝ። «ዲዛይን ነው» አልኩት። ከዛ እዚህም መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ጥቁር ስቲከር በፀጉር ማድረቂያ እያሞቅኩ ላጥኩት። እንደ ቆዳ ተገሽልጦ ነው የወጣው። መስታወቱን አጠብኩት።

ብርሃን ገባ። እታለም መሃል ወለሉ ላይ ቆማ ዙሪያዋን አየች። አመሰግናለሁ የምትል መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ። እሷ ግን መጀመሪያ ያየችው የራሷን ብሩሾች ነው። ንጹህ የመሰሏት ሁሉ ጸያፍ ናቸው። መስታወቱ ላይ የጣት አሻራ፣ ወንበሩ ስር የፀጉር ኳስ፣ ግድግዳው ላይ የሰው ቅባት። «ከዚህ ጋር ነው ስሰራ የነበረው?» አለች። ከዛ ፋውንዴሽኖቿን በሙሉ አውጥታ መስኮቱ ስር ቁጭ ብላ ክንዷ ላይ በተራ ቀባቻቸው። በዛ መብራት ስር የገዛቻቸውን ሁሉ እየለየች ጎን ጣለች። የተረፉላት ጥቂት ናቸው። ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው፣ እነዛን ጥቂቶቹን ይዛ።

እሁድ ጠዋት ሙሽራዋና አክስቷ መጡ፣ ሚዜዎቹም ተከትለው። እኔ እዛ የተገኘሁት ለጥንቃቄ ነው። እንዲሁም፣ ማለቴ፣ ስራዬ ሲመሰገን መስማት ስለምወድ ነው። ልጅቷን መስኮቱ ፊት አስቀመጥናት። ያላሰብኩት ነገር መስኮቱ በምስራቅ በኩል መሆኑን ነው። ከሰዓት የለሰለሰው ብርሃን ጠዋት ላይ ቀጥ ብሎ የሚመጣ ጦር ሆነ። ሙሽራዋ ዓይኗን ጨፈነች። ግማሽ ፊቷ ነጭ፣ ግማሹ ጥላ። እንባዋ መውረድ ጀመረና የተኳለችው ተከትሎት ወረደ። እታለም ብሩሿን ይዛ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ትላለች፣ የራሷ ጥላ የልጅቷ ፊት ላይ ይወድቃል። ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ኮርኒሱን አየሁ።

ይባስ ብሎ ከመንገዱ ማዶ የሚሰራ ህንጻ አለ። የእንጨት ርብራቡ ላይ ሰራተኞቹ ዳቧቸውን ይዘው ቁርስ ላይ ናቸው። በድንገት ፊታቸው ላይ መስታወት ተከፍቶ፣ ሙሽራ ተቀምጣ፣ ፀጉሯ በቢጎዲን ተጠቅልሎ። ሲኒማ ነዋ። አንዱ እጁን አውለበለበ።

አክስትየዋ አዩት። «በስመአብ ወወልድ። ዝጉት።»

«እትዬ፣ ብርሃኑ እኮ ነው የሚያሳምራት» አልኩ።

«ብርሃኑን መች ፈራሁት? ዓይኑን ነው። ሙሽራ በሰው ዓይን እየተበላች ትኳላለች? ደግሞ ፊቷ እርጥብ ነው፣ ፀሐይ ሲመታት ምች ነው የሚሆነው። ከንፈሯ ላይ ሲወጣባት አንተ ታገባታለህ?»

«ከተሰጠኝ» አልኩ። እታለም በብሩሿ እጀታ ጎኔን ወጋችኝ።

«ወይ ዝጉት፣ ወይ ልጄን ይዤ ልሂድ» አሉ ሴትዮዋ። ቀልድ የላቸውም፣ የልጅቷን ቦርሳ አንስተዋል።

እታለም ጎን ላይ የተደገፈውን ጂፕሰም አየች። ቢመለስ ያ ወይን ጠጅ ነው፤ በርበሬ ፊት ነው፤ የሰው ወንበር ነው። እኔ ቦርዱ ጋ ሄድኩ፣ እጄ ግን አላነሳ አለኝ። ሴትዮዋ ጠብቀው ጠብቀው ሰለቻቸው። ነጠላቸውን ከትከሻቸው ሳብ አረጉና ሰጡኝ።

«በል ምስማር ፈልግና ይሄን ምታልኝ። ከላይ እስከ ታች፣ ምንም እንዳይታይ።»

እየተነጫነጭኩ ነው የሰቀልኩት። ለመጋረጃ ነው ያን ሁሉ ሽንት የተሸከምኩት? ምስማሩን በጥርሴ ይዤ በውስጤ ሰፈሩን ሁሉ እየሰደብኩ፣ አንዱን ጫፍ መታሁ፣ ሌላውን መታሁ፣ ወረድኩና ዞር አልኩ።

ክፍሉ ሌላ ሆኗል። ያ ጦር የነበረው ፀሐይ በነጠላው ተጣርቶ እንደ አጥሚት ለስልሶ ነው የሚገባው። ጥላ የሚባል ነገር የለም። የሙሽራዋ ፊት ከግራም ከቀኝም እኩል በርቷል፤ ዓይኗን ከፈተች። ማዶ ያሉት ሰራተኞች ጠፍተዋል። እታለም ብሩሿን አየር ላይ እንደያዘች ቆማ ቀረች።

«ማንም እንዳይነካው» አለች ቀስ ብላ።

«ነግሬያችሁ ነበር ዝጉት ብዬ» አሉ ሴትዮዋ፣ ወንበር ስበው እየተቀመጡ። «ይኸው ስትዘጉት አማረ። አንተ ደግሞ ፊትህን ወደ ግድግዳ፣ እዚህ ሴት ነው ያለው።»

እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አድርጌ ነው ያረፈድኩት። ከኋላዬ እታለም ስትሰራ ድምጿን እሰማለሁ፤ ድሮ ደፉ ላይ እንደምታደርገው እያወራች፣ እያሳቀች ነው። ሳሎን ተቀጥራ በነበረ ጊዜ አንድ ቀን እንኳን እንደዛ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም።

ሲጨርሱ ተከትያቸው ወረድኩ። ልጅቷ በሩን አልፋ ፀሐይ ውስጥ ቆመች። አክስትየዋ ጠጋ ብለው ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው የልጅቷን አገጭ ስር ፈተጉት፣ ቀለሙ የት ጋ እንደሚያልቅ ሊያገኙ። አገላብጠው አዩዋት። አላገኙትም። «ይሁን» አሉ። ከሳቸው አፍ እሱ እልልታ ነው። ሚዜዎቹ ደግሞ መኪና ውስጥ ሆነው የእታለምን ስልክ ቁጥር እየተቀባበሉ ይመዘግባሉ።

ደስታው መኪናዋ ጥግ እስክትዞር ድረስ ነው የቆየው። ጋሼ ከማዶ ቆመው ወደ ላይ እያንጋጠጡ ናቸው። መስታወት በመስታወት በሆነው ህንጻቸው መሃል ላይ ነጠላ ተሰቅሏል። ሴትዮዋ ሌላ ነጠላ ቤት አለኝ ብለው ትተውልን ሄደው ነበር።

«ህንጻዬ ላይ ልብስ አሰጣችሁ?» አሉ ክፍሉ ውስጥ ሲደርሱ። እያለከለኩ ናቸው።

«ጋሼ፣ ይቀመጡና ይዩት» አለች እታለም። «ይሄ ብርሃን—»

«ምን አይነት ነገር ነው? ሰው የገጠር ቤት ነው አይልም? ያን ሁሉ መብራት ያስገባሁት ለማን ነው?» ወደ ማብሪያው ሄደው ቀጭ አደረጉት። ወይን ጠጁ በራ። በዛ ለስላሳ ብርሃን ላይ ወይን ጠጁ ሲደረብበት ክፍሉ የበለዘ ስጋ መሰለ። «በሉ ነገ መልሳችሁ ትዘጉታላችሁ። ካልሆነ ቁልፌን።» ወደኔ ዞሩና «አንተ ጎበዝ ነህ አሉ፣ ራስህ ግጠመው» አሉኝ።

ስለ ፕላስቲኮቹ ልነግራቸው ነበር። ከነቀለማቸው፣ ከነአደራደራቸው። እታለም ቀደመችኝ።

«ቁልፉን ነገ አመጣልዎታለሁ፣ ጋሼ» አለች። ጨዋ ናት፣ ድምጿ እንኳን አልጨመረም። ነጠላውን ራሷ ወንበር ላይ ቆማ አወረደችው፣ አጠፈችው።

ታክሲ ውስጥ ነው የተናደድኩት። «ወርቅሽን ሸጠሽ የገባሽበትን ነው እንዴ የምትለቂው? በዛ ጋኔን መብራት ምክንያት?»

«አንተ ሰሞኑን ስለ መስኮት ስትሰብከኝ ከርመህ አሁን ምን ሆንክ?»

«አይ፣ ማለቴ፣ ወንበርሽስ?»

«ወንበሩን ይዤው እወጣለሁ። የኔ ነው፣ የሳቸው ግድግዳው ነው» አለችኝ።

ወንበሩን አራተኛ ፎቅ ድረስ የተሸከምኩት እኔ ነኝ፣ ያው እንደ እኔ የሚሸከም የለም። ጎተራ ያለው ቤታችን በሩ ላይ ክፍት ኮሪደር አለው። ጠዋት ፀሐይ አይመታውም፤ ብርሃኑ ግን ቀኑን ሙሉ አለ። እታለም እዛ እያለን ስንት ዓመት ሙሉ ያልሞከረችው አራተኛ ፎቅ ማን ይወጣልኛል ብላ ነው። ከዛች ሙሽራ በኋላ ግን ወጡ። ቬሎ ይዘው፣ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው፣ ደረጃው ላይ እየተነፈሱ ይወጣሉ። በነጭ አንሶላ ከለል እናደርግላቸዋለን። ጎረቤቶቹ መጀመሪያ «ኮሪደሩ የጋራ ነው» ብለው ስብሰባ ጠሩ። እታለም የሰብሳቢውን ሚስት ቅንድብ በነጻ ሰራችላት፣ ስብሰባው ሌላ አጀንዳ አገኘ።

ጋሼ ደውለውልኝ ነበር፣ መስኮቱን እንድዘጋላቸው። አሞኛል አልኳቸው። አልዋሸሁም፣ ሳስበው ያመኛል። ያው መጋጠሚያ የማያውቀው ልጅ ዘጋው። አሁን በዛ በኩል ሳልፍ በጠራራው ፀሐይ ወይን ጠጁ በበሩ በኩል ይታየኛል፤ ሌላ ሴት ገብታበታለች። ምራቄን ትፍ ብዬ አልፋለሁ። አንዴ ልነግራት ደረጃው ድረስ ወጥቼ ነበር፤ ደንበኛ ይዛ አገኘኋትና ተመለስኩ።

ትናንት ደግሞ እታለም ኮሪደሩ ላይ አንዲት ልጅ እየሰራች እኔ ፊት ለፊቷ ቆሜ ይሄን ሁሉ ለልጅቷ ሳወራላት ነበር። እንዴት አድርጌ ቦርዱን እንደፈታሁት፣ እኔ ባልኖር ምን ትሆን እንደነበር። ልጅቷም ትስቃለች። እታለም ብሩሿን ሳታወርድ በክርኗ ገፋ አደረገችኝ።

«አንተ ልጅ፣ ጥላህን ይዘህ ወደዛ ሂድ፣ እየሰራሁ ነው» አለች።